ባዶ ሽጉጥ የታጠቅኩበት መጋቢት

ባለፈው ጥቅምት መታወቂያዬን ላሳድስ ከሚሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት ሰልፍ ነበር፤ አንዱ የኛ የመታወቂያ፣ ሌላው የጦር መሣሪያ ማስመዝገቢያ። በዚያኛው ሰልፍ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። ሽጉጧን በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ተራዋ ደርሶ ፎጣውን ስትፈታ ጸሐፊው ቀና ብሎ «የማን ነው?» አላት።

«የኔ።»

«በማን ስም ልጻፈው?»

«በኔ ነዋ!» አለችው፤ ጻፈ።

ሳቅ አመለጠኝ። ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝና «ምነው እናቴ?» አለች። «ምንም የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት። ትዝ ያለኝን እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሜ ልነግራት አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ ግን ሊለቀኝ አልፈለገም።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ ማለቂያ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። አባቴ ሐሰን የከብት ነጋዴ ነበር። ከቆላ ፍየልና ከብት ገዝቶ ያመጣል፣ ሰንበቴና ጨፋ ሮቢት ወስዶ ይሸጣል፣ አንዳንዴም እስከ ባቲ ይዘልቃል። አላህ ወንድ ልጅ አልሰጠውም፤ አራት ሴቶች ነን፣ በኩሯ እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ እየተከተልኩት ገበያ ለገበያ ስለዞርኩ የበሬን አፍ ከፍቼ ዕድሜውን እናገራለሁ፤ ላሟ የምትታለብ ትሁን የምትራገጥ ከአቋቋሟ አውቃለሁ። ሰዉ «የሐሰን ወንድ ልጅ» እያለ ይቀልድብኛል። አባቴ ግን «ኢንተላ ኮ» ነበር የሚለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። እኛ ቤት ወሬ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል፤ የፍቅሩ ወሬ ግን እስከ መጨረሻው በኦሮምኛ ነው።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ እኔ ወባ ይዞኝ ቤት ስቀር፣ አባቴ ብቻውን ከቆላ ሲመለስ ፊታቸውን የሸፈኑ ሦስት ሰዎች መንገድ ላይ ጠበቁት። አንዱ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ፤ ሁለቱ ጎትተው አወረዱት። ሁለት ወይፈኖቹን ወሰዱበት። ያ ባልከፋ፤ ሲሄዱ ግን አንደኛው ተመልሶ ቀኝ እጁን በዱላ ሰበረው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወጌሻ አሽቶ አሰረለት፣ አጥንቱም ገጠመ፤ ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም። ኩባያ በግራው ነበር የሚያነሣው።

ካንቺ ልደብቀው አልችልም በሚል ዓይን እናቴን እያየ፣ አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ «መሣሪያ እገዛለሁ» አለ።

«በየትኛው እጅህ ልትይዘው?» አለች እናቴ።

አባቴ ወደኔ ተመለከተ። እናቴም አብራው ወደኔ ስታይ ገባት።

«አንተ ሰውዬ፣ አላህን አትፈራም? ሴት ልጅ ብረት አስታጥቀህ ማን ያገባታል?»

«ከመንገድ ላይ ሬሳዋን ከማንሣት ሳትገባ ብትቀር ይሻለኛል» አላት። ወይ ቆላ መውረዱን መተው፣ ወይ መታጠቅ ነበር። መተው ደግሞ አራት ሴት ልጆችን በምን ሊያበላ ነው?

በማግስቱ አያ ሰይድ ዘንድ ወሰደኝ። አያ ሰይድ ከከተማው ዳር፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወስደው መንገድ የሚኖሩ መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። ሦስት መንግሥት አልፎባቸዋል፤ የሦስቱንም ጠመንጃ ጠግነዋል። ነጭ ጢማቸው ጫፉ ላይ በዘይት ቢጫ ሆኗል። ከማንጎ ዛፍ ሥር አጎዛ አንጥፈው፣ ሸንኮራ እየላጡ ተቀመጡ። ሸንኮራውን ቆርጠው ለኔም ሰጡኝ።

«ለማን ነው?» አሉ።

«ለሷ» አለ አባቴ።

የእናቴን የመሰለ ጩኸት ጠብቄ ነበር። አያ ሰይድ ግን ሸንኮራቸውን እያኘኩ እጆቼን ብቻ ተመለከቱ። ከዚያ ቤት ገብተው ሦስት ሽጉጦች ይዘው ወጡና አጎዛው ላይ ደረደሯቸው። አንዱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ እጀታው ነጭ። ሁለተኛው ጥቁርና ረጅም፣ ወታደሮች ወገብ ላይ የማየው ዓይነት። ሦስተኛዋ አጭር፣ የደበዘዘች፣ የእንጨት እጀታዋ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ። አስቀያሚ ነበረች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ።

ጨፈንኩ። አንዱን መዳፌ ላይ አኖሩት። የትኛው እንደሆነ ከማወቄ በፊት ብረቱ ቀዘቀዘኝ፤ ማንጎ ሥር፣ በዚያ ሙቀት።

«ይቺን ወደድሻት» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ትንፋሽሽ ተናገረ። የምታብለጨልጨዋን ሰው ሁሉ ይወዳታል፤ የሠርግ ሽጉጥ ናት። ቃታዋ ልል ነው፤ ድንጋይ ቢያደናቅፍሽ ትተኩሳለች። ተያት።»

ሁለተኛውን ሰጡኝና «አቀባብይው» አሉ። ከላይ ያለውን ብረት ወደ ኋላ ልስብ ታገልኩ፤ ግማሽ መንገድ መጥቶ ከእጄ ተንሸራተተ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ ሁለት ጠንካራ እጅ ይፈልጋል» አሉ አያ ሰይድ፤ «ጠላትሽ እስክታቀባብይው ቆሞ አይጠብቅሽም።»

ሦስተኛዋ ስትቀመጥልኝ ጣቶቼ በራሳቸው ተከደኑ። ሌላ ሰው ለዓመታት ይዟት አለስልሷት፣ ከዚያ ለኔ የተዋት ይመስል ነበር።

«ስድስት ጎራሽ ናት» አሉ አያ ሰይድ። «ጥይቱ በሚሽከረከረው ሆዷ ውስጥ ነው። ማቀባበል የለ፣ ምን የለ፤ ማውጣትና መሳብ ነው። ሳቢያት።»

ባዶዋን ሳብኳት። ከባድ ነበር። «ቀጭ» አለች።

«ከበደሽ?»

«አዎ።»

«ጥሩ ነው። እስክትስቢው ድረስ አንድ ነገር ታስቢያለሽ።»

ከዚያ ተቀብለውኝ ፈታቷት። ዓይናቸው መንገዱ ላይ፣ አፋቸው ስለ ማንጎ በሽታ ለአባቴ ሲያወራ፣ ጣቶቻቸው ብቻቸውን ብሎን በብሎን፣ ሽቦ በሽቦ አጎዛው ላይ በታተኗት፤ ወሬው ሳያልቅ መልሰው አንድ አደረጓት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፣ ቁርኣን በቃሉ የሚወጣ ልጅም ሰምቻለሁ፤ እጅ ብቻውን ሲያነብ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

አባቴ ዋጋውን ከፍሎ «ጥይቱስ?» ሲል አያ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሁለት ሳምንት ባዶዋን ትታጠቅ።»

«አያ ሰይድ፣ ባዶ ብረት ምን ይሠራልኛል? መንገድ ልንወጣ ነው!»

«ባዶውን መሸከም ያልቻለ የጎረሰውን አይችልም። ሁለት ሳምንት። ከዚያ ራሷ ትምጣና ትውሰድ፣ ኢንሻ አላህ።»

ቀበሌ ስንሄድ ጸሐፊው ፈቃዱን በአባቴ ስም ጻፈው። የሴት ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም አለ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ስም» ብቻ ነበር የሚለው።

እናቴ በመጨረሻ ተሸንፋ ከቀሚሴ ውስጥ ሰፊ ኪስ ሰፋችልኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልረሳቸውም። ከሚሴ ያው ከሚሴ ነው፤ የጭነት መኪኖቹ ዋናው መንገድ ላይ እየጮኹ ያልፋሉ፣ ሙዝ ሻጮቹ ይጣራሉ። እኔ ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። ሰው ሲጠጋኝ ፊቱን ሳይሆን እጁን አያለሁ። የማውቀው ልጅ ከኋላ ሮጦ «ፋጤ!» ቢለኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ይገባል። ይህን ንቃት ነው ብዬ ኮራሁበት። ሽጉጧ ባዶ መሆኗን በሦስተኛው ቀን ማሰብ ትቼ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ ቆላ ያሉ ፍየሎች እንዳያመልጡት ስለሰጋ ወረድን። መጋቢት ነበር። ቆላው ደርቆ አቧራው እንደ ዱቄት ይነሣል፤ ከምዕራብ ያሉት ተራሮች ላይ ግን በልጉ ጀምሯል። ገና በጠዋት የማሽላ ቂጣ በቅቤ ለውሰን በልተን ተነሣን። አባቴ በቅሎዋ ላይ ነው፣ እኔ ልጓሟን ይዤ ከፊት። መንገዱ የደረቀ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ዳርና ዳሩ እሾህ ስለሆነ ሰውም ከብትም በዚያ አሸዋ ላይ ነው የሚሄደው፤ አሸዋው ነጭ፣ ሰፊ፣ እንደ ገበያ ሜዳ። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ ነው። አባቴ መንዙማ እያንጎራጎረ፣ ከላያችን አንድ ደመና የሌለበት ሰማይ።

መጀመሪያ ያስተዋለችው በቅሎዋ ናት። ቀጥ ብላ ቆመች። ጆሮዎቿን አሾለች። ብጎትታት እምቢ አለች። ከዚያ ወፎቹ ዝም ማለታቸውን ሰማሁ፤ ዝምታ ይሰማል።

በዚያው ቅጽበት አንድ ሰው ከፊታችን ከወንዙ ዳር ዘሎ አሸዋው ላይ ወረደ። ሽርጥ ያሸረጠ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ቀጭን ሰው። ወደኛ ይሮጣል። እጆቹን ያወናጭፋል። «ሌ! ሌ!» እያለ ይጮኻል። ያልገባኝ ቃል ነው።

«ቁም!» አልኩ። በኦሮምኛም ጮህኩ። አልቆመም። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም፤ የበቅሎዋ ልጓም ላይ ነበር። ጥር ላይም ልጓሟን ነበር መጀመሪያ የያዙት።

አወጣኋት። በሁለት እጄ ይዤ ደረቱ ላይ ደገንኩ። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። «ፋጤ፣ ተይ!» የሚል የአባቴን ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰማሁት። ሰውየው አፈሙዙን አየ፤ ማየቱን አየሁ። ሩጫውን ግን አልቀነሰም።

ሳብኩ። ቀጭ። እንደገና ሳብኩ። ቀጭ።

ባዶ መሆኗን ረስቼው ነበር። ወላሂ ረስቼው ነበር። ያን ሁሉ ክብደት ስስበው አንዲት ነገር እንኳ አላሰብኩም።

ሰውየው ደረሰብኝ። በአንድ እጁ ልጓሙን፣ በሌላው ሽጉጥ የያዝኩበትን አንጓዬን ጨብጦ እየጎተተ ወደ ዳሩ ሮጠ። ከብት የሚወጣበት ጠባብ አቀበት ነበር። እኔን ከታች ገፍቶ አወጣ፣ ከዚያ በቅሎዋን ከፊት ሳበ፤ አባቴ በግራ እጁ ጋማዋን አንቆ ተንጠልጥሎ ወጣ። ላዩ ላይ ደርሰን እሾህ ውስጥ ወደቅን።

ያን ጊዜ መሬቱ ከሆዴ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

ውኃ ነው ብል ማንም የሚያውቀውን ውኃ እንዳያስብ እሰጋለሁ። ከወደቅንበት በላይ በኩል፣ ከዚያው ከመጣንበት አቅጣጫ፣ ቡናማ ግድግዳ ታጥፎ መጣ። ፊት ፊቱን የሚሄደው ውኃ አልነበረም፤ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ አቧራ ነበር፤ አቧራው ገና ደረቅ ነው፣ ይጨሳል። አንድ ግራር ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ እንደ ቆመ ያልፋል። ድንጋዮች ከሥር ሲፋጩ መቶ ወፍጮ ባንድ ላይ የሚፈጭ ይመስላል። በቅሎዋ የቆመችበት፣ የእኔ የእግር ዱካ ያለበት አሸዋ አንዴ ነበር፣ አንዴ አልነበረም። ከላይ ሰማዩ ያው ነው፤ ጥርት ያለ። አንዲት ጠብታ አልዘነበችብንም።

አባቴ በጉልበቱ ቆሞ «ሱብሐነላህ፣ ሱብሐነላህ» ይላል። ሌላ ቃል ጠፍቶበታል። እንዲህ ያለ ነገር ከኔ በስተኋላ ሲመጣ፣ እኔ ፊቴን አዙሬ አንድ ሰው ላይ አነጣጥሬ ነበር።

ሰውየው ትንፋሹ ሲመለስ ወደ ተራሮቹ ጠቆመ። «ዝናብ እዚያ» አለ በገበያ አማርኛ፤ ወደ ወንዙ ጠቆመና፣ «ሞት እዚህ።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንተ፣ ደህና?» አለኝ። ስሙ ሁመድ ነው፤ አፋር፤ ግመሎቹን ዳሩ ላይ ሲያሰማራ የውኃውን ድምፅ ሰምቶ፣ የኛን መምጣት አይቶ ነው የሮጠው። «ሌ» በነሱ ቋንቋ ውኃ ማለት መሆኑን ያን ጊዜ ነገረን።

ወንዙ እስኪጎድል እስከ አስር ሰዓት አብረን ተቀመጥን። ሁመድ ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት አምጥቶ አጠጣን። ደጋግሞ ወደ ታች፣ ውኃው ወደሄደበት ያያል። የጠፋ ግመል የሚፈልግ መሰለኝ። ወተቱን ስቀበለው ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

ለአባቴ «ስቤበታለሁ፤ ሁለት ጊዜ» አልኩት በኦሮምኛ።

«አይቻለሁ» አለ። «ለሱ ራስሽ ትነግሪዋለሽ።» ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ አያ ሰይድ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ሽጉጧን አጎዛው ላይ አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «መልሰው ይውሰዷት፤ ጥይቱንም አልፈልግም» አልኩ።

«ጎርሳ ብትሆን ሦስታችሁም አልቃችሁ ነበር» አሉ አያ ሰይድ፤ «ልጓሙን የሚይዝ አይኖርማ።» ይህን አላሰብኩትም ነበር። አጎዛው ላይ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ተነሥተው ገቡ፤ ስድስት ጥይት በጨርቅ ቋጥረው መጡ።

«አልፈልግም አልኩ እኮ!»

«መንገዱ አልተለወጠም፤ የአባትሽም እጅ አልታጠፈም። ፈርተሻታል፤ እሷም ከሚፈራት ሰው ጋር ነው መኖር ያለባት። ውሰጂ።»

ወሰድኩ። አሥራ አንድ ዓመት ታጠቅኳት። አንዴ ፍየሎቻችን ላይ የመጣ ጅብ ለማባረር ወደ ሰማይ ተኩሻለሁ። ሰው ላይ ደግሜ አልደገንኩም።

ሁመድን ያገኘሁት በቀጣዩ ዓመት በጋ ነው፤ አፋሮች ሣርና ውኃ ፍለጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ጨፋ ሲመጡ። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር በቀንድ ተሞልቶ ነበር። ሁመድ ዱላ ብቻ ይዞ ከብቶቹ መሐል ቆሟል፤ ሌሎቹ ወንዶች ሁሉ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አለ። አባቴ ከሰላምታው በኋላ «ያንተስ መሣሪያ?» አለው።

«ውኃ ወሰደ።»

«የትኛው ውኃ?»

«የእናንተ ውኃ» አለ ሁመድ። ጠመንጃ ይዞ ቢሮጥ እንደምንፈራው ያውቃል። ስለዚህ አሸዋው ላይ ሲወርድ እዚያው አስቀምጦት፣ ባዶ እጁን እያሳየ ሮጠ። መልሶ የሚያነሣበት ጊዜ አልነበረም።

እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩና «አያ ሁመድ፣ እኔ ያን ቀን ስቤብሃለሁ። ባዶ መሆኗን አላስታወስኩም። ልገድልህ ነበር» አልኩት።

«ሰማሁ» አለ። ጣቶቹን ቀጭ፣ ቀጭ አደረጋቸው። «ሁለት ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልቆምክም?»

ጥያቄው የገባው አልመሰለኝም። ቃላት ሲፈልግ ቆየና፣ «እኔ ቆመ፣ አንተ ሞተ፣ ሽማግሌ ሞተ፣ በቅሎ ሞተ። እኔ ሮጠ፣ ምናልባት አንድ ሰው ሞተ» አለ። በዱላው ሣሩን ጠረግ ጠረግ አድርጎ ሳቀ። «አንድ ትንሽ ነው።»

አባቴ ተነሥቶ ግንባሩን ሳመው። በዚያ ሳምንት ከጊደሮቹ ሁሉ የምታምረውን ነድቶ ሰጠው፤ ሁመድም እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ተቀበለ። ሁመድ እስኪሞት ድረስ በየበጋው ይጠይቀን ነበር። አሁን ልጆቹ ይደውሉልኛል፤ የዘንድሮው ሣር እንዴት ነው ብለው።

ሰዎች ሽጉጥ ታጥቄ ቆላ እወርድ እንደነበር ሲሰሙ ጀግና ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው? እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ፈሪ ነበርኩ፤ መሣሪያ የታጠቅኩትም ስለፈራሁ ነው፤ በዚያ አላፍርም። ግን አንድ ሰው፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ውስጥ አንዷ ልትገድለው መደገኗን እያየ፣ እጁን ባዶ አድርጎ ወደሷ ሲሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሃያ አምስት ዓመት አለፈው፤ ሳስበው ዛሬም እንደዚያ ቀን ከሆዴ ሥር መሬቱ ይንቀሳቀሳል። አላህ ሰውን ምን አድርጎ እንደፈጠረው ከዚያ በፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

አሁንም መንገድ ላይ ሰው ወደኔ ሲሮጥ መጀመሪያ እፈራለሁ፤ እሱ አልተወኝም። ከፍርሃቱ ቀጥሎ ግን፣ ምን ሊነግረኝ እየመጣ ይሆን ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ።